«ወኔ የለኝም» ላሉን አንባቢ፦ ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ

«ዕድሜዬ 44 ነው፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያውለኛል። ባለፈው ዓመት ሐኪሜ የደም ስኳሬ ከመደበኛው ከፍ ማለቱን፣ ገና በሽታ ባይባልም ወደዚያው እያመራ መሆኑን ነግሮኝ ‹ተንቀሳቀስ፣ ክብደት ቀንስ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ትቻለሁ። በጀመርኩ ቁጥር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ ሰዓት እሮጣለሁ፣ ጣፋጭ ነገር እርም እላለሁ፣ እራት እተዋለሁ። አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት እሄድበታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ያመልጠኛል፤ በማግስቱ ሁሉም እንዳልነበር ይሆናል። ባለቤቴ ‹አንተ ወኔ የለህም› ትለኛለች፤ እኔም እያመንኳት ነው። የሚያነሳሳ ንግግር እሰማለሁ፤ ሁለት ቀን ይሞቀኛል፣ ከዚያ ይበርዳል። የማይበርድ ተነሳሽነት ከየት ይመጣል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የጀመረ፣ ሌሊት በ11 ሰዓት ከሞቀ አልጋው የተነሳ ሰው ወኔ የለውም ማለት ያስቸግራል። ወኔስ ነበረዎት፤ የጫኑበት ሸክም ግን ለማንም ቢሆን ከባድ ነበር። የማይበርድ ተነሳሽነት የሚባል ነገር እንደሌለም ከወዲሁ ልንነግርዎ እንወዳለን። ተነሳሽነት ስሜት ነው፤ እንደ ማንኛውም ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል። ጥርስዎን የሚያጸዱት በየጠዋቱ ተነሳስተው አይደለም፤ ስላልተነሳሱም ትተውት አያውቁም። እርስዎ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ ስሜቱ ሲበርድም ሳይጠይቅዎ የሚሄድ ልማድ። ወደዚያ ለመድረስ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ በእውነት የራስዎ የሆነና ዋጋውን በዚያው ቀን የሚከፍልዎ ምክንያት ማግኘት ነው። ሌላው ያንን ምክንያት ከጭንቅላትዎ አውጥቶ በቤትዎና በሰዓትዎ ውስጥ መትከል ነው።

አስቀድመን ግን አራቱ ሙከራዎች የፈረሱበትን ቦታ እንይ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሳት ከምሽቱ 4 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራልና። መኝታዎ እንደ ወትሮው 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ከሆነ በየሌሊቱ አንድና ሁለት ሰዓት እየጎደለብዎ ነበር ማለት ነው። እንቅልፍ የጎደለው ሰው ረሃቡ ይበረታል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው። እርስዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጣፋጩን እርም ብለው እራቱንም ትተዋል። በዚህ ላይ ለወራት ያልሮጠ እግር አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጧል። የጡንቻ ሕመም የሚብሰው በሮጡበት ሰዓት ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ሕመሙ ሳይለቅዎ ዳግም ይሮጣሉ። በ10ኛው ቀን ከአልጋ ለመነሳት የሚታገለው ሰው እንግዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ የተራበና እግሩ የታመመ ሰው ነው። እሱን ሰነፍ ብሎ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጅማሬ ነው።

ምናልባት በየጠዋቱ ሚዛን ላይም ይወጡ ይሆናል። የሰው ክብደት ከቀን ወደ ቀን በውኃ፣ በጨውና በአንጀት ውስጥ ባለ ምግብ ብቻ አንድና ሁለት ኪሎ ሊለዋወጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀንሰው የስብ መጠን ከዚህ መዋዠቅ ያነሰ ስለሆነ ሚዛኑ የሠሩትን ሥራ አያሳይም፤ አንዳንድ ጠዋት እንዲያውም ጨመሩ ይልዎታል። ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ሚዛኑን ከአልጋ ሥር ቢያስገቡት ይሻላል።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። «የስኳር በሽታ እንዳይዘኝ» እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ነው። ዛሬ ማታ ቢንቀሳቀሱም ባይንቀሳቀሱም ነገ ጠዋት የሚለይ ነገር አይታይዎትም፤ ሶፋው ግን አሁኑኑ ይመቻል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚያደርገን ይህ ነው። ኬትሊን ዉሊ እና አየለት ፊሽባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የአዲስ ዓመት ውሳኔ የወሰኑ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሰዎቹ ግቡን ምን ያህል «ጠቃሚ» እንደሚሉት መዝለቅ አለመዝለቃቸውን አልተነበየም፤ ሥራውን በሚሠሩበት ጊዜ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ግን ተነበየ። ልብ ይበሉ፤ ሰዎች ሲጀምሩ የሚያስቡት የሩቁን ጥቅም ነው፣ የሚያዘልቃቸው ግን የቅርቡ ነው።

ሌላው የምክንያቱ ጉድለት የተሰጠዎ እንጂ ከእርስዎ የወጣ አለመሆኑ ነው። ከሐኪም አፍ ወጣ፣ ከባለቤትዎ ወቀሳ ጋር ተቀላቀለ፣ አሁን ጸጸት ሆኖ በውስጥዎ ተቀምጧል። የሰውን ተነሳሽነት ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን ምክንያቶችን በደረጃ ይለያሉ፦ ሰው ስላዘዘን የምናደርገው አለ፣ ላለማፈርና ላለመጸጸት የምናደርገው አለ፣ ዋጋ ስለሰጠነው የምናደርገው አለ፣ በራሱ ደስ ስለሚለን የምናደርገውም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰውን ከአልጋ ማስነሳት ይችላሉ። ለወራት የሚያዘልቁት ግን የመጨረሻዎቹ ናቸው። የጸጸት ነገር በተለይ ክፉ ነው፤ ሲሳካልዎ እፎይታ ብቻ ይሰጥዎታል፣ ሲያመልጥዎ ግን ሁለት እጥፍ ይቀጣዎታል፤ ከቅጣቱ ለመሸሽ ጉዳዩን ጨርሶ አለማሰብን ይመርጣሉ።

የራስዎን ምክንያት ለማግኘት አንድ ወረቀትና 15 ደቂቃ ይበቃል። ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መስመር ያስምሩና «በየቀኑ መንቀሳቀስ አሁን ለእኔ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» ለሚለው ቁጥር ይስጡ። 6 አሉ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወሳኝ ነው፦ «ለምን 2 ወይም 3 አላልኩም?» ብለው ይጠይቁ እንጂ «ለምን 10 አልሆነም?» አይበሉ። «ለምን 10 አልሆነም?» ካሉ እጅዎ እንቅፋቶችን ይዘረዝራል፤ በራስዎ ላይ የክስ ፋይል ይከፍታሉ። «ለምን 2 አላልኩም?» ካሉ ግን የሚጽፉት ሁሉ የራስዎ ምክንያት ነው። ይህ ዘዴ ዊልያም ሚለር እና ስቲቨን ሮልኒክ ካዳበሩት የምክክር ስልት የመጣ ነው፤ ሰው በሌላ ሰው ስብከት ከሚለወጥ ይልቅ ምክንያቱን ከራሱ አንደበት ሲሰማ ይለወጣል የሚለው ሐሳብ መሠረቱ ነው። ቢያንስ አምስት መልስ እስኪያገኙ «ሌላስ?» እያሉ ይቀጥሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ቃላት ናቸው። ከሦስተኛው በኋላ ነው የራስዎ የሚመጡት፦ ከሰዓት በኋላ የሚጥልዎ ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ሰው እንዳይሰማዎ የሚደብቁት ትንፋሽ፣ ከልጅ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳይደገፉ መነሳት።

የጻፏቸውን አንድ በአንድ በዚህ ጥያቄ ይፈትኗቸው፦ ማንም ባያውቅልኝና አንድ ኪሎ እንኳ ባይቀንስልኝ፣ በዚህ ምክንያት ላደርገው እፈልጋለሁ? ከፈተናው የሚተርፈውን አንዱን ብቻ ይያዙ። ከአንድ በላይ መያዝ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምክንያቱን አሟልቶ እስኪያገኝ ሳይጀምር ይቆያል። ከፊሉ ምክንያት የሚገኘው ግን ከጀመሩ በኋላ፣ ከገዛ አካልዎ ነው። ለዚህም ነው ለእርስዎ ከሩጫው ይልቅ ከእራት በኋላ ያለውን እርምጃ የምንመርጠው። ሲራመዱ የእግር ጡንቻዎች በመኮማተራቸው ብቻ፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያን ያህል ሳይጠብቁ፣ ስኳርን ከደም ይወስዳሉ። ስለዚህ ከተመገቡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲራመዱ ከምግብ በኋላ የሚመጣው የስኳር ከፍታ ዝቅ ይላል። ለእርስዎ ችግር ይህ ዛሬውኑ፣ በዚያችው ሰዓት የሚከፈል ዋጋ ነው። አጭር እርምጃ እንኳ ለብዙ ሰው ጭንቅላቱን ቀለል ያደርግለታል፤ ይህን በራስዎ ላይ ይለኩት። ከመውጣትዎ በፊት «አሁን ምን ይሰማኛል?» ብለው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይስጡ፣ ሲመለሱም ይስጡ። ሁለት ቁጥር ብቻ፣ ለ14 ቀን። ከዚያ በኋላ ምክንያትዎን ከማንም ንግግር መስማት አያስፈልግዎትም፤ በገዛ እጅዎ የጻፉት ማስረጃ ይኖርዎታል። ቁጥሩ ካልጨመረስ? እርምጃው ለእርስዎ አልሆነም ማለት ነው፤ ብስክሌት፣ ዳንስ ወይም ዋና ይሞክሩ። የማይወዱትን ስፖርት በግድ መውደድ አይጠበቅብዎትም።

ሁለተኛው ሥራ መትከሉ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ የተጻፈ ዕቅድ ከመልካም ሐሳብ እንዴት እንደሚለይ ሲያጠኑ ኖረዋል። በዚሁ መንገድ የተሠራ አንድ የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል፤ 248 ተማሪዎች የተሳተፉበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ጠንከር ያለ ስፖርት እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። ምንም ካልተነገራቸው ተማሪዎች 38 በመቶ ሠሩ። ስለ ልብ በሽታ የሚያስጠነቅቅ፣ የሚያነሳሳ ጽሑፍ ካነበቡት 35 በመቶ ሠሩ፤ ሐሳባቸው ቢነሳሳም እግራቸው አልተነሳም። ያንኑ ጽሑፍ አንብበው በዚያ ላይ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓትና የት እንደሚሠሩ ከጻፉት ግን 91 በመቶ ሠሩ። ተማሪዎች ናቸው፣ የተለካውም አንድ ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ልማድ ማረጋገጫ አድርገው አይውሰዱት። የሚያነሳሳ ንግግር ለምን ሁለት ቀን ብቻ እንደሚሞቅዎ ግን በደንብ ያስረዳል።

ለእርስዎ የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «እራት በልቼ ሳህኔን እንዳነሳሁ፣ በር አጠገብ ያለውን ጫማ አጥልቄ 5 ደቂቃ እራመዳለሁ።» በእጅዎ ይጻፉትና በሚበሉበት ቦታ ይለጥፉት። እራት ይበላሉ ማለት ነው፤ እራቱን መተው ይቅር፣ መጠኑን ማሳነስ ይቻላል። «ሳህኔን እንዳነሳሁ» የሚለውን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ልማዱን የሚጠራው ምልክት በየቀኑ የሚመጣ፣ መጨረሻው በግልጽ የሚታወቅና እጅዎ የሚነካው ነገር ሲሆን ይሻላል። «ማታ ማታ» ካሉ ምልክት የለም። «2 ሰዓት ላይ» ካሉ ሰዓቱ ስልክ ሲያወሩ ያልፋል። «ከሥራ ስመለስ» ካሉ አንዳንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንድ ቀን 2 ሰዓት ይሆናል፤ እግርዎም ቀድሞ ወደለመደው ወንበር ይሄዳል። ሳህን ግን በበሉ ቁጥር ይነሳል።

ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ዋናዋ ናት። ዕቅዱ ከፈረሰ የሚፈርሰው በእርሷ ውስጥ ነው። ሶፋ ላይ አንዴ ከተቀመጡ መነሳት ሌላ ውሳኔ ይጠይቃል፤ ስልክ ከነኩ ደግሞ ግማሽ ሰዓቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጫማውን፣ ካልሲው ውስጡ እንዳለ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት በር አጠገብ ያስቀምጡት። ስልኩ ቻርጅ ላይ በሌላ ክፍል ይዋል። ልብስ መቀየር አይጠበቅብዎትም፤ በለበሱት ይውጡ። ልብስ መቀየር ብዙ እርምጃ ያስቀረ ትንሽ እንቅፋት ነው።

አምስት ደቂቃ ያንስብዎታል፤ እናውቃለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚለማመዱት ከሳህኑ ወደ በሩ መሄድን እንጂ እርምጃን አይደለም፤ የርቀቱ ነገር ኋላ ይመጣል። ጉልበት ተሰምቶዎ 40 ደቂቃ ለመሄድ ቢያምርዎትም በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከ10 ደቂቃ አይለፉ። የዛሬው 40 ደቂቃ በነገው አእምሮዎ ውስጥ መለኪያ ሆኖ ይቀመጣል፤ ነገ ሲደክምዎ አምስቱ ደቂቃ እንደ ሽንፈት ይታይዎትና ይቀራሉ። 3ኛውና 4ኛው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ 5ኛውና 6ኛው 15፣ ከዚያ በኋላ 22 ደቂቃ። 22 ደቂቃ በሰባት ቀን 154 ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚሁ መመሪያ መሠረት አጭር ደቂቃም ይቆጠራል። መካከለኛ መሆኑን የሚያውቁት እየተራመዱ ማውራት ሲችሉ፣ መዝፈን ግን ሲያቅትዎ ነው፤ ለብዙ ሰው በደቂቃ 100 እርምጃ አካባቢ ይሆናል።

እየጨመሩ ሲሄዱ ግን አንድ ነገር እንዳይጨምር አጥብቀው ይጠብቁ፤ እሱም ትንሹ ልክ ነው። በ8ኛው ሳምንት 22 ደቂቃ ቢደርሱም፣ ለክፉ ቀን የሚሆነው ልክ እስከ መጨረሻው 2 ደቂቃ ይሁን። በር ወጥቶ መመለስ ብቻ። ትኩሳት ካለብዎ ይረፉ። ዝናብ ከሆነ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ፣ ወይም ደረጃ ላይ። እንግዳ ከመጣ እንግዳውን በር ድረስ ሲሸኙ ጥቂት ዘለቅ ብለው ይሂዱ። እነዚህንም አሁኑኑ «ይህ ሲሆን ያንን» በሚለው ቅርጽ ይጻፏቸው፤ በዝናቡ ሰዓት ማሰብ ከጀመሩ አይወጡም።

ስንት ቀን ይፈጃል? «21 ቀን» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ይህ ቁጥር የሚመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ታካሚዎቻቸው አዲሱን ገጽታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ወደጻፉት ነው። ልማድ ሲሠራ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር አይደለም፤ «ቢያንስ» የሚለውም በመንገድ ላይ ወድቋል። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር፤ ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ የመሳሰሉትን የመረጡ ሰዎች ናቸው። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚሄድበት ደረጃ ላይ ለመድረስ መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆነ። አጭሩ 18 ቀን ሲሆን ረጅሙ በስሌት የተገመተ 254 ቀን ነው። እንቅስቃሴን የመረጡት፣ መብልና መጠጥ ከመረጡት ይልቅ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶባቸዋል። እርስዎ እንግዲህ አራት ጊዜ ያቆሙት መንገዱ ገና አቀበት በሆነበት፣ ከሩብ ባልበለጠ ቦታ ላይ ነበር። ለሦስት ወር ያህል እንደሚከብድ አውቀው ቢገቡ በ10ኛው ቀን መክበዱ አያስደነግጥዎትም።

ከዚሁ ጥናት ለእርስዎ የሚበጀው ሌላ ግኝት አለ፦ አንድ ቀን ማምለጡ የልማዱን ሥር መስደድ የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። ታዲያ የእርስዎ ለምን ይፈርሳል? የሚያፈርሰው ስለዚያ ቀን የሚሰጡት ትርጉም ነው። ሱስ ያቆሙ ሰዎች እንዴት እንደሚመለሱ ያጠኑት አላን ማርላት ይህን በደንብ አይተውታል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ጥፋቱን «እኔ እንዲህ ነኝ» ወደሚለው ሲወስደው ይጸጸታል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ የቀረውንም ይለቃል። «ትናንት ስብሰባው ስላመሸ አመለጠኝ» ያለው ግን በማግስቱ ይቀጥላል። የሁለቱ ስህተት አንድ ነው፤ የሚለያዩት ለስህተቱ በሰጡት ምክንያት ነው። ቀን ሲያመልጥዎ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ፦ ምን እንደተፈጠረና በሚቀጥለው ጊዜ ያ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ። ስለ ጠባይዎ ምንም አይጻፉ። በማግስቱ የሚያደርጉት ደግሞ የ2 ደቂቃውን ነው፤ ያመለጠውን ለመካስ እጥፍ አይራመዱ። መካስ ቅጣት ነውና ማግስቱን ያስጠላዋል።

አቆጣጠሩም ይህን ይደግፍ። «ሳላቋርጥ ስንት ቀን?» ብሎ መቁጠር የሚያምረው እስኪቋረጥ ድረስ ነው፤ 19 የነበረው በአንድ ምሽት ዜሮ ይሆናል። ይልቅ በቀን መቁጠሪያ ላይ የወጡበትን ቀን ያክብቡና በየ14 ቀኑ «ከ14ቱ ስንት?» ብለው ይቁጠሩ። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀደም ብለን በጻፍነው መጠን ይጨምሩ። 10 ወይም 11 ከሆነ ባሉበት ይቆዩ። ከ10 ካነሰ ራስዎን ከመውቀስ ይልቅ ደቂቃውን ያሳንሱ ወይም ምልክቱን ይቀይሩ፤ ምናልባት በቤትዎ ከእራት ይልቅ ምሳ ይበልጥ ቋሚ ይሆናል።

ጣፋጩንና እንቅልፉን ለጊዜው ያቆዩአቸው። ይህን ስንል ይተዋቸው ማለታችን አይደለም፤ ተራ ይጠብቁ። የእርምጃው ልማድ ሥር መስደዱን የሚያውቁት ሳይከራከሩ በር ላይ ሲገኙና ያልወጡ ቀን አንድ ነገር የጎደለ ሲመስልዎ ነው። ያኔ ሁለተኛውን ይጀምሩ። እኛ እንቅልፉን እናስቀድማለን፤ ረሃቡንም ስለሚያበርድ ጣፋጩን ያቀልልዎታል። አላርሙን ለመንቂያ ሳይሆን ለመኝታ፣ ሊተኙ ካሰቡበት 30 ደቂቃ አስቀድሞ ይሙሉት። ለጣፋጩ ደግሞ እርም ማለት አያስፈልግም። ዌንዲ ዉድ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትን እንዲመዘግቡ አድርገው፣ ከዕለት ድርጊታቸው 43 በመቶው ገደማ በዚያው በለመዱት ቦታ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚደጋገም፣ አእምሯቸውም ሌላ ነገር እያሰበ የሚሠራ ሆኖ አግኝተውታል። ጣፋጩንም ብዙውን ጊዜ የሚበሉት ስላማረዎ ሳይሆን ስላዩት ነው። የማያሳይ ዕቃ ውስጥ ከድነው ከዓይን ከፍታ በላይ ያስቀምጡት፤ በመጠጥ መልክ የሚገባውን ስኳር ከሁሉ በፊት ይቀንሱ። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በሳምንት ሁለት ቀን ይመከራል፤ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ግን ይህም ተራው ሲደርስ።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ቃል። «ወኔ የለህም» የሚሉት ተጨንቀው ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ከላይ ያልነውን ጸጸት ያበዛዋል። ሲወቅሱዎ ሳይሆን በሰላም ቀን፣ የሚፈልጉትን በልኩ ይንገሯቸው፦ «ሳህን ካነሳሁ በኋላ ያለችውን አምስት ደቂቃ ጠብቂልኝ፤ ከወጣሁ አትደነቂ፣ ከቀረሁም ምንም አትበይኝ።» አብረው ቢወጡ እሰየው፤ ነገር ግን ልማዱን በእርሳቸው መውጣት ላይ አያስሩት፤ እርሳቸው በደከሙ ቀን እርስዎም ይቀራሉና።

ብቻዎን መሆን እንደሌለብዎ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ እንደ እርስዎ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት፣ ምንም መድኃኒት ካልያዘ ክኒን ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ መጠናቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ለእነዚህ ሰዎች «ተንቀሳቀሱ» ተብሎ ብቻ አልተተወም፤ በ16 ትምህርት የተከፈለ ሥልጠናና አንድ ለአንድ የሚከታተላቸው ሰው ነበራቸው። እርስዎ የተሰጠዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው ክትትል ይጠይቁ፤ የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር ምርመራም አሁን ያሠሩና ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። ምርመራው የሚያሳየው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ስለሆነ ከሚዛኑ ይልቅ የሠሩትን ይመሰክራል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ የሚነግሯቸው ነገር ካለ አይደብቁ። ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚጫን ስሜት፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ የማዞር ነገር ካለ ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ደስ ይልዎ የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይህ ድብርት ሊሆን ይችላልና ሕክምና ይፈልጋል። ጮክ ብለው የሚያንኮራፉና 8 ሰዓት ተኝተውም ደክመው የሚነሱ ከሆነ ያንንም ይንገሯቸው፤ የደም ማነስና የታይሮይድ እጢ መታወክም ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ። ብዙ ሰው ለዓመታት «ስንፍና» ሲለው የኖረው ነገር በአንድ የደም ምርመራ ሌላ ስም ያገኛል።

ዛሬ ማታ የሚጠበቅብዎ ጫማውን ከእራት በፊት በር አጠገብ ማስቀመጥ፣ ካልሲውን ውስጡ መክተት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል መተው ነው። በ14ኛው ቀን ያከበቡትን ቆጥረው ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልን፤ 5ም ቢሆን ይጻፉ፤ ከዚያ ተነስተን ምልክቱን ወይም ደቂቃውን አብረን እናስተካክላለን።